መንገድ የተሻገረች ነጥብ

ሰፈሩ «ምላጭ» ይለኛል። ፀጉር ቤት ስላለኝ ይሁን ምላሴን አይተው፣ ጠይቄ አላውቅም። ዝም በይ ሲሉኝ ጭራሽ የሚብስብኝ ሰው ነኝ። አሁን የማወራችሁ ግን ዝም ስላልኩበት ጉዳይ ነው። ነገሩ ገና ትኩስ ነው፤ እጄን ስታጠብ አሁንም የዚያች ነጥብ ማጣበቂያ ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሁሉም የመጣው በዶክተሩ ነው። የሰው ሐኪም እንዳይመስላችሁ፣ የአፈር ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ቀጠን ያለ፣ ነገር ሲከብድበት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ የሚወለውል ሰው። መጀመሪያ የሰፈሩ አዳራሽ መጥቶ «የአፈር ተመራማሪ ነኝ» ሲል ከኋላ አንዱ «ምነው ዶክተር፣ አፈሩ አመመው እንዴ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ዶክተሩም አብሮ ሳቀና «አሞት ከሆነ አብረን እንየው ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

እንዳስረዳን ከሆነ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ከአሮጌ ቀለም፣ ከጋራዥ፣ ከመኪና ባትሪ እየወጣ አፈር ውስጥ ይገባል። አንዴ ከገባ አይበሰብስም፣ አይጠፋም። ትልቅ ሰውንም ይጎዳል፣ በልጆች ግን ይብሳል። አፈር ነክተው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ሲከቱ ቀስ እያለ ደማቸው ውስጥ ይገባና አእምሯቸውን ያደክማል። «እናንተ ከየግቢያችሁ አፈር ታመጣላችሁ፣ እኔ እመረምራለሁ» አለ።

መች አስችሎኝ፣ ብድግ አልኩ። «ቆይ ቆይ ዶክተር፣ ከዚያስ? ያኔ ውሃችሁን እንመርምር ብለው በጠርሙስ ቀድተው የሄዱት ሰዎች ይኸው የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ጽፈውበት ይሆናል፣ ተሸልመውበት ይሆናል። እኛ ግን ያንኑ ውሃ ምን እንዳለበት ሳናውቅ እንጠጣለን። አሁን ደግሞ አንተ አፈራችንን ወስደህ መጽሔት ላይ ታወጣለህ፤ እኛስ ከማን እንስማ? ውጤቱ መጀመሪያ እዚህ ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ አንድ ማንኪያ አፈር አታገኝም!» ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። «ልክ ነሽ» አለ። «እናንተ እንዴት ይሁን ትላላችሁ?»

እንዴት ይሁን ብሎ የሚጠይቅ የተማረ ሰው አይተን ስለማናውቅ ትንሽ ተፋጠጥን። ከዚያ በኋላ ግን ማን ያስቁመን። ተጯጩኸን፣ ተሳስቀን፣ መጨረሻ ላይ ተስማማን። የሰፈራችን ካርታ በትልቁ ተሠርቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ንጹሕ ለሆነ ግቢ አረንጓዴ ነጥብ፣ ለሚያሰጋው ቢጫ፣ ለተበከለው ቀይ ይለጠፍለታል። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን እኩል ያያል፤ ዶክተሩ የሚጽፈውን የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ቀይ የወጣበት ግቢ ደግሞ ከሁሉ በፊት በሰፈሩም በዩኒቨርሲቲውም ጉልበት የተበከለው አፈር ተጠርጎ ንጹሕ አፈር ይለብሳል። ይቺን የመጨረሻዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። የትኛው ከረጢት የማን ግቢ እንደሆነ ዶክተሩ አያውቅም፤ ያን የሚያውቅና ነጥቦቹን የሚለጥፍ አንድ ሰው ከኛው መሐል ይመረጣል።

እዚህ ላይ እትዬ ቁጭበሉ አንድ ነገር ጨመሩ። ስማቸው አይደለም። ግቢያቸው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ስላላቸውና ቀኑን ሙሉ «ቁጭ በሉ!» ሲሉ ስለሚውሉ ልጆቹ ያወጡላቸው ነው። «ነጥቧ ጣራችን ላይ አትለጠፍ» አሉ። «የሚያውቅ ያውቃል፣ ግን ሰው በጣት አይጠቆም። ትንሽ ወደ መንገዱ ገፋ ትደረግ።» የደግ ሰው ሐሳብ ነው፣ ማንም አልተቃወመም።

«ለጣፊው ማን ይሁን?» ሲባል «ምላጭ!» ብለው ጮኹ። «እሷ እንኳን የሰው የራሷንም አትደብቅ!» ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የወንድም ጋሼ ድምፅ ነበር።

ወንድም ጋሼ ታላቄ ነው። ግቢው ውስጥ የመኪና ባትሪ ይሠራል፤ አሮጌውን ይፈታል፣ እርሳሱን በድስት አቅልጦ መልሶ ያፈሳል። ጥርስ የማያስከድን ሰው ነው። የዚያን ቀን እንኳ «እኔ ይኸው እርሳስ ውስጥ አረጀሁ፣ ከሚስቴ ልደት በቀር የረሳሁት ነገር የለም» ብሎ ሰዉን ሲያስቅ ነበር። አፈር በመስጠትም የቀደመው የለም። ከረጢቱን አፉን በኤሌክትሪክ ሽቦ አስሮ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ፀጉር ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። «የእህቴ ጥናት ነው፣ እኔ ካልጀመርኩ ማን ይጀምር?» አለ ደንበኞቼ ፊት። ሥቄ ገፋ አደረግሁት እንጂ ኮርቼበት ነበር።

ውጤቱ የመጣው ሥራ በበዛበት ቀን ነው። ሁለት ሴቶች ፀጉራቸውን ሊያደርቁ ካስክ ውስጥ ናቸው፣ አንዷ ራሷን ልትታጠብ ትጠብቃለች። ዶክተሩ ከረጢቶቹን በካርቶን ይዞ ገብቶ ጓዳዬ ውስጥ ተቀመጥን። እያንዳንዱን እያነሳ «አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ይቺ ቢጫ» ይለኛል፤ እኔም የማን እንደሆነ እያሰብኩ «እሰይ» ወይም «ውይ» እላለሁ። ከዚያ አንዱን አነሳና መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄኛው ቀይ ብቻ አይደለም፣ ከቀይም በላይ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ልጅ አለ?»

የከረጢቱን አፍ አየሁት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

«እንጃ» አልኩ። ልጅማ አለች። የወንድም ጋሼ ልጅ፣ ፌንጣ የምንላት፣ መዝለል እንጂ መራመድ የማታውቅ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች። የእናቷን ቀሚስ ይዛ እዚያው ግቢ ስትፈነጭ የምትውል።

«እህቴ፣ ነጥቡ እስኪለጠፍ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ንገሪያቸው» አለኝ ዶክተሩ።

ሄድኩ እኮ። ልነግረው ብዬ ነው የሄድኩት፣ አፈር ስሆን እመኑኝ። ወንድም ጋሼ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ሲያየኝ «ምላጭ መጣች፣ ጢም ያላችሁ ተደበቁ!» አለ። ሚስቱ ወንበር አወጣችልኝ። ፌንጣ ጉልበቴ ላይ ዘላ ወጣች። አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ የሚመጣው ሁሉ ባንዴ ታየኝ። ደንበኛ ሲሸሸው፣ አከራዩ ውጣ ሲለው፣ ጎረቤት «ልጆቻችንን የመረዝክ» ብሎ ፊቱን ሲያዞርበት። እሱ ደግሞ ሰው ካላሳቀ ያመዋል የተባለ ሰው ነው።

«ያንተ ትንሽ ከፍ ብሏል» አልኩት።

«ትንሽ?»

«ትንሽ። ብቻ ይሄን ሥራ ከግቢ አውጣው ወንድም ጋሼ። ፌንጣም አፈር አትንካ።»

«ቦታ እየፈለግሁ ነው እኮ። በእጄ ያለውን ሥራ ላስረክብና እወጣለሁ። አሁን ደግሞ አትጨቅጭቂኝ፣ ገና ከመግባትሽ!»

ትንሽ አልኩ። በቃ፣ ያቺን ቃል ይዤ ተነስቼ ወጣሁ።

ነጥብ ለመለጠፍ አዳራሹ የገባሁት ብቻዬን ነው። ደንቡ እንደዚያ ነበር። የወንድም ጋሼ በርና የእትዬ ቁጭበሉ በር ፊት ለፊት ናቸው፤ መሐላቸው መኪና እንደ ምንም የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ነው፣ ካርታው ላይ ከጣቴ አይሰፋም። መጀመሪያ የወንድም ጋሼን ቀይ በሱ በኩል አደረግሁና እንደተስማማነው ወደ መንገዱ ገፋ አደረግሁ። የእትዬን አረንጓዴ ደግሞ ከዚያ በኩል ገፋ አደረግሁ። ሁለቱ ነጥቦች መንገዱ መሐል ተገናኙ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! እጄ ግን አላቆመም። ቀዩን ትንሽ ገፋ፣ አረንጓዴውን ትንሽ ገፋ፣ አሳለፍኳቸው። አንዱ በአንዱ ቦታ ተቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ ሥራውን እስኪያወጣ ነው፣ ከዚያ እመልሳቸዋለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለማን እንዳልኩ እንጃ። ስለ እትዬ አላሰብኩም ብላችሁ ደግሞ ውሸት ነው። አስቤያለሁ። «እሳቸውን ሁሉ ሰው ይወዳቸዋል፣ ማን ክፉ ያስብባቸዋል» ብዬ ነው ያሰብኩት። የሚወደዱ ስለሆኑ ጫንኩባቸው፤ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በማግስቱ ሰዉ ተጋፍቶ ነጥቡን ሲፈልግ፣ የፈተና ውጤት የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ወንድም ጋሼ አረንጓዴውን አይቶ ትከሻዬን መታ። «ሰውን በከንቱ አስደንግጠሽ! በኋላ አጣርተው ነው አይደል?»

«እ» አልኩ። ከዚያች ፊደል በላይ አልወጣኝም።

ዶክተሩ ካርታው ፊት ቆሞ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። «ያ ከረጢት የልጆች ማቆያው ነው?» ሲለኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። መልሴን ሳይጠብቅ አፈር የሚያነሳ መኪና ከዩኒቨርሲቲው ለማስፈቀድ ያኔውኑ ሄደ። እትዬ ቁጭበሉ ደግሞ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አላለቀሱም፣ አልተከራከሩም። «እኔ ጋ ነው?» ብቻ አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። ወሬ ሁሉ የሚታጠበው እኔ ገንዳ ላይ ነው።

«ሰማሽ ምላጭ? ልጄን አወጣኋት እኮ!» ትላለች አንዷ ከካስኩ ሥር፣ ስለማይሰማት እየጮኸች። «ስንት ጊዜ እዚያ አፈር ላይ ስትንከባለል አይቻት ሥቄያለሁ። ሳይታወቃቸው ቀርቶ ነው ብለሽ ነው?»

«ኧረ ተዪ፣ ሴትየዋ ምን ታድርግ» ትላለች ሌላዋ።

«ምን ታድርግ? ግቢዋን አታውቅም? አሮጌ በር፣ አሮጌ አጥር፣ ያንን ቀለም እየላጡ ልጆቹ ሲበሉት ኖረዋል!» 

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንቺ ደግሞ አሁን የቀለም ሐኪም ሆንሽ!» ብዬ አፏን አስይዛት ነበር። ማበጠሪያዬን ይዤ ዝም አልኩ። «ምላጭ ዛሬ ዶለዶመች» ብለው ሳቁብኝ። ሳቅሁ ብላችሁስ! የኔ ሳቅ ከሳል አይሻልም ነበር። ወደ ወንድም ጋሼ መንገድም ድርሽ አላልኩም፤ ሁለቱን በሮች ባንድ ላይ ማየት አልቻልኩም።

እትዬ ቁጭበሉ የመጡት ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ነው። «ራሴን እጠቢኝ» አሉ። «አቧራ ነው፣ ከአፈር ጋር ስታገል ከርሜ።» ገንዳው ላይ አጋደምኳቸው። ውሃውን ሳፈስ ጭቃ ወረደ። የዩኒቨርሲቲው መኪና እስኪመጣ አልጠበቁም ነበር፤ ግቢያቸውን በአካፋ ልጠውታል። ልጆቹ የሚቀመጡበትን ምንጣፍ ጥለዋል። የእንጨት መጫወቻዎቹን አቃጥለዋል። ያን ሁሉ የሚነግሩኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

«ትንሹ ልጅ የለም፣ ያ መናገር የዘገየው?» አሉ። «እናቱ ስትጨነቅ ‹ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ተዪ አትጨነቂ› ያልኳት እኔ ነኝ። ለካ ከኔ አፈር ነው። ማታ ተኝቼ እያንዳንዳቸውን አስባለሁ። ይሄኛው ራሴን አመመኝ ይል ነበር፣ ያቺ ምግብ አልበላም ትል ነበር። እኔ ነኝ አይደል የመረዝኳቸው? አንቺ ከዶክተሩ ጋር ስለምትሠሪ ታውቂያለሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወርዶ ከሻምፖው ጋር ሲቀላቀል አየዋለሁ። ሁለቱም እጄ ፀጉራቸው ውስጥ ነው። ልለው ነው፣ አሁን ልለው ነው። «ውሃው አልበዛም?» አልኩ።

«አልበዛም» አሉ። ቀና ሲሉ ከቦርሳቸው አንድ ከረጢት አወጡ። «ከላጥኩት ሥር ያለው አፈር ነው። ዶክተሩ በድጋሚ ይይልኝ። ጥልቅ ድረስ ከገባ እኔም ከዚያ ቤት እወጣለሁ። ልጆቹን እንኳ ለጊዜው ደህና ቦታ አድርጌያቸዋለሁ።» ደህና ቦታ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጎሽ፣ እንኳን አደረጉ ብዬ ከረጢቱን ገንዳው ሥር አስቀመጥኩና ፎጣ አለበስኳቸው።

ከረጢቱ ዶክተሩ ጋ ከሄደ አረንጓዴ እንደሚመጣ፣ ዶክተሩም እንደሚነቃብኝ አውቃለሁ። ካልሄደ ደግሞ ሴትዮዋ ቤታቸውን ጥለው ሊወጡ ነው። ወለል ስጠርግ እግሬ ይነካዋል፣ ውሃ ስደፋ አየዋለሁ። ሦስተኛ መንገድ ያለ መስሎኝ ወንድም ጋሼን ላጣድፈው ተነሳሁ፤ ሥራውን ዛሬ ካወጣ፣ ነጥቦቹን ዛሬ እመልሳለሁ፣ ማንም ሳይጎዳ ያልቃል ብዬ። ይሄን ስል ሁሉ ሰው ቀድሞ ተጎድቷል እኮ፣ ግን ሰው ሲጨንቀው ምን የማይለው አለ።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ከውስጥ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፣ የብዙ ልጆች። ገባሁ።

ሁሉም እዚያ ናቸው። ከእትዬ ቁጭበሉ የወጡት ልጆች በሙሉ፣ ያ መናገር የዘገየውም ጭምር፣ ድስቱ ከሚጣድበት ጥግ ፊት አፈሩ ላይ ተበትነዋል። ይቆፍራሉ፣ ይረጫጫሉ። ፌንጣ በባትሪ ክዳን አፈር እየጠቀጠቀች ኬክ ትሠራለች። አንዱን ገልብጣ ለጎረቤት ልጅ «ብላ፣ የልደቴ ነው» ትለዋለች። እሱ ምላሱን አውጥቶ ላሰው።

የወንድሜ ሚስት ፈገግ ብላ ወደ እኔ መጣች። «አየሽ ጉዳችንን? የኛ አረንጓዴ ሆነ አይደል፣ ‹ለጊዜው እዚህ ይሻላቸዋል› ብለው ወላጆቻቸውን አስማምተው እትዬ ራሳቸው ናቸው ያመጧቸው። እጅ ለእጅ አያይዘው፣ እያንዳንዳቸውን መንገድ አሻግረው። አሳዘኑኝ፣ እምቢ አልል ነገር...»

ያወጣሁትን ድምፅ አላውቀውም፤ ልጆቹ ሁሉ ደርቀው ቀሩ። ፌንጣን ብድግ አድርጌ ከእጇ ያለውን ወረወርኩት፣ ማልቀስ ጀመረች። ወንድም ጋሼ ከጓሮ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ አንቺ፣ አበድሽ?»

«አንሱዋቸው! ካፈሩ ላይ አንሱዋቸው! ቀዩ ያንተ ነው ወንድም ጋሼ! አረንጓዴው የእትዬ ነው፣ ያንተ ከቀይም በላይ ነው፣ እኔ ነኝ ያዞርኩት!»

ለትንሽ ጊዜ እየቀለድኩ መሆኑን ከፊቴ ላይ ሲፈልግ አየሁት። «ትንሽ ነው ያልሽኝ» አለ። «ከዚያ አረንጓዴ ሲሆን... አጣርተው ነው ስልሽ ‹እ› አልሽኝ እኮ።»

«እ አልኩህ።»

ፌንጣን ከእጄ ነጥቆ አፏን በሸሚዙ ጠረገላት። ጠረገና ቆመ። ሸሚዙን አየው፤ የሥራ ሸሚዙ ነው፣ ግራጫ ብናኝ የጠጣ። እጁን ከልጁ አፍ አንስቶ አየር ላይ ይዞት ቀረ። የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ከዚያ ልጅቷን ለእናቷ ሰጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ ጥሎ፣ በውስጥ ልብሱ ብቻ ወጣና የእያንዳንዱን ወላጅ በር እያንኳኳ «አዳራሽ ኑ» አለ። ምክንያቱን አልነገራቸውም። «እህቴ ትነግራችኋለች» ነው ያለው።

አዳራሹ ሞላ። ያኔ የጮህኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ ሁለቱን ነጥቦች ላጥኩ። ቀዩ እሺ አላለኝም፤ በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ካርታውም አብሮ ተቀደደ። ከዚያ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጥያቄ ሳይጠየቅ ማውራት ልማዴ ነው፣ ያን ቀን ግን እያንዳንዷ ቃል ከአንጀቴ ተጎትታ ነበር የምትወጣው። እናቶቹ የሰደቡኝን ስድብ ሁሉ ተቀበልኩ፣ ይገባኛል። አንዷማ ልትመታኝ ተነስታ ባሏ ያዛት፤ ባይዛት ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሩ ግን አልተቆጣም። «ቀይ የወጣበት ግቢ ከሁሉ በፊት እንዲጸዳ ያስወሰንሽው አንቺው ነሽ እኮ እህቴ» አለኝ። «ወንድምሽን ልንቀጣው ነው ብለሽ ነው?»

ግልጽ ይሁን ብዬ ጣራ ያናወጥኩት የሰው አፈር መስሎኝ ነው። የኔ ሲሆን ሰፈሩንም፣ ጥናቱንም፣ ዶክተሩንም አላመንኩም። አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ ቁጭበሉ ከመሐል ተነሱ። «እኔ አይደለሁም?» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም እትዬ።»

የፊተኛውን ወንበር ያዙና ተነፈሱ። ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «በእጄ ነው ያሻገርኳቸው» አሉ። «መኪና እያየሁላቸው። ‹ቀስ በሉ፣ እዚያ ንጹሕ ነው› እያልኳቸው።» ወደ እኔ መጡ። «ራሴን እያጠብሽኝ ነበር። እያለቀስኩ ነበር። እጅሽ እዚህ፣ እዚህ ራሴ ላይ ነበር። ያኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አፈር በበላሁ እትዬ» አልኩ።

«አፈሩንማ ልጆቹ በሉልሽ» አሉና ሄዱ። ልጆቹ ከዚያ ግቢ መውጣታቸውን በዓይናቸው ሊያዩ ነው የሄዱት።

መኪናው መጣ፤ የወንድም ጋሼ ግቢ እየተላጠ ነው። እኔም እቆፍራለሁ፣ አካፋ ይዤ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፤ ማንም ቆፍሪ አላለኝም፣ ማንም ተይ አላለኝም። ካርታው ላይ አሁን ሁለት ሰዎች ናቸው የሚለጥፉት፣ አንዷ እትዬ ናቸው። ዶክተሩ የሆነውን ሁሉ ጥናቱ ውስጥ እንደሚጽፈው ነግሮናል፣ የነጥቧን መሻገር ጭምር። ስሜን እንዳያነሳ ሰፈሩ ነው የጠየቀው፣ እኔ አይደለሁም። ወንድም ጋሼ ሥራ አቁሟል። ቀልድም አቁሟል። ስገባ «ምላጭ መጣች» አይልም፣ «ገባሽ?» ይላል።

ዛሬ ጠዋት የልጆቹ ደም የሚወሰድበት ቀን ነበር። የጤና ጣቢያው ኮሪደር በእናቶች ተሞልቷል። እትዬ ቁጭበሉ መሐላቸው ቆመው «ቁጭ በሉ!» ይላሉ፣ ልጆቹም ቁጭ ይላሉ። ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየንም። የፌንጣ ተራ ሲደርስ እናቷ ልትይዛት ስትል «አክስቴ ትያዘኝ» ብላ ጮኸች። እሷ ገና ምንም አታውቅም። ወንድም ጋሼ አየኝ፣ ከዚያ መንገድ ለቀቀልኝ።

ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ነርሷ ክንዷን በጥጥ ስትጠርግላት ዓይኗን መርፌው ላይ ተክላ ነበር።

«አክስቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው የሚወጉኝ?»

«ምንም አላጠፋሽም የኔ ቆንጆ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ዞራ ፊቴን አየችው፣ ልክ አባቷ ቀልድ ሲፈልግበት እንደነበረው።

«ታዲያ ለምን አንቺን አይወጉሽም?»

ነርሷ ሳቀች። ወንድም ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉን ያያል። እኔ ክንዷን እንዳታንቀሳቅስ አጥብቄ ያዝኩላት።